የመራቢያ ሆርሞን ተመራማሪ መሆን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችና ከወላጆች የሚመጡ ናቸው፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመራቢያ ሆርሞን ተመራማሪ ሥራው ምንድን ነው?

ሆርሞን አንድ ዕጢ ወደ ደም የሚለቀው ኬሚካል ነው። ራቅ ብሎ ያለ አካል ላይ ደርሶ ሥራ ያስጀምራል ወይም ያስቆማል። የመራቢያ ሆርሞኖች ጉርምስናን፣ የወር አበባን፣ እርግዝናን፣ የወንድ ዘር መመረትንና ማረጥን ይመራሉ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን ይልካል። ፒቱታሪ የምትባለው ትንሽ ዕጢ እሱን ስታገኝ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ትለቃለች። እነዚህ ደግሞ ኦቫሪን (የሴቷን እንቁላል የሚያወጣውን ዕጢ) ወይም የወንዱን የዘር ፍሬ ያሠራሉ። ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮንና ቴስቶስትሮን የሚመጡት ከዚያ ነው። እነሱም በተራቸው ወደ አንጎል ተመልሰው ልቀቱን ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ።

ተመራማሪው መቼ ተለቀቀ፣ ምን ያህል ተለቀቀ፣ ሲዛባ ምን ተከተለ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው በመለካት ነው። ኢስትራዲዮል በደም ውስጥ የሚለካው በፒኮግራም ነው፤ አንድ ፒኮግራም የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ብዙ ተማሪ ሥራው ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ማየት ይመስለዋል። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ግን ሳምፕል በመሰብሰብ፣ በመለካት፣ ደግሞ በመለካትና የወጣውን ቁጥር በመጠራጠር ነው። እኔ ሙያውን የምወደውም ለዚህ ክፍሉ ስል ነው።

ሐኪም መሆን ግዴታ ነው?

አይደለም። ታካሚ ማከም የሚፈልግ ሰው ሕክምና ይማራል፤ ቀጥሎ 4 ዓመት የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ፣ ከዚያም በመካንነትና በመራቢያ ሆርሞን ሰብ ስፔሻሊቲ ይሠራል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 ከማህፀን ውጭ ፅንስ የማስገኘት አገልግሎት የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል። ስለዚህ ይህን ሙያ በቅርብ ለማየት የግድ አገር መልቀቅ የለባችሁም።

ሌላው መንገድ በባዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ፣ በሜዲካል ላቦራቶሪ፣ በፋርማሲ ወይም በእንስሳት ሕክምና በኩል ነው። ከዚያ ማስተርስና ፒኤችዲ በፊዚዮሎጂ ወይም በሥነ ተዋልዶ ይሠራል። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናም፣ ላቦራቶሪም፣ ፋርማሲም፣ የእንስሳት ሕክምናም ያስተምራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰውና የእንስሳ ሕክምና አንድ ከተማ ውስጥ መኖሩ ለሆርሞን ጥናት ትልቅ ዕድል ነው። ምክንያቱን ከታች ስለ በግ ስናወራ ታዩታላችሁ።

እንዲህ ያለ ተመራማሪ ሕይወቱ ምን ይመስላል? ምሳሌ ስጡን።

ስለ አንድሩ ሻሊና ስለ ሮዠ ጊየማ ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ አንጎል ፒቱታሪን የሚያዝዘው በደም በኩል በሚላክ ኬሚካል ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ኬሚካሉን ግን በእጁ የያዘው ሰው አልነበረም። ሻሊ ፖላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ከጦርነት የሸሸ ሰው ነው። ጊየማ ፈረንሳዊ ነው። ሁለቱ አሜሪካ ሂውስተን ከተማ አንድ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ አብረው ሠሩ፣ አልተስማሙም፣ ተለያዩ። ሻሊ ኒው ኦርሊንስ ገባ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተፎካከሩ።

ሃይፖታላመስ በጣም ትንሽ ናት፤ በውስጧ ያለው ሆርሞን ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ነው። ስለዚህ ጊየማ ከቄራዎች በሚሊዮን የሚቆጠር የበግ ሃይፖታላመስ ሰበሰበ። ሻሊ በአሳማ ሠራ። ጂኤንአርኤችን ነጥሎ ለማውጣት ከ150 ሺህ በላይ የአሳማ ሃይፖታላመስ አስፈለገው፤ የተገኘው ንጹሕ ሆርሞን አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። በ1971 አወቃቀሩ ታወቀ፦ ሆርሞኑ የ10 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በቃ፣ 10 ብቻ። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ መሥራት ተቻለ። ዛሬ ያለ ጊዜው የመጣ ጉርምስናን ለማቆም፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ለማከም፣ በመካንነት ሕክምና እንቁላል የሚወጣበትን ሰዓት ለመቆጣጠር የሚሰጡት መርፌዎች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። ሁለቱ በ1977 ኖቤልን ተካፈሉ። ሁለቱም ረጅም ዕድሜ ኖረው በ2024 ዓረፉ፤ ጊየማ 100 ዓመቱን ደፍኖ ነበር።

የ1977ቱን ሽልማት ግማሹን የወሰደችው ግን ሮዛሊን ያሎው ናት፤ ከሦስቱ እኔን ይበልጥ የምትመስጠኝም እሷ ናት። የተማረችው ፊዚክስ ነው። ኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ውስጥ ከዶክተር ሰለሞን በርሰን ጋር በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሆርሞን የሚለካበትን ዘዴ ፈጠሩ። መጀመሪያ የለኩት ኢንሱሊንን ነው። መሠረት የሆነው ጽሑፋቸው በ1955 ከመጽሔት ተመልሶባቸው ነበር፤ እሷ የመለሱላትን ደብዳቤ አስቀምጣ ኖቤል ስትቀበል ባደረገችው ንግግር ላይ አሳየችው። ዘዴውን ፓተንት አላስያዙትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት። በርሰን በ1972 ስለሞተ ሽልማቱን አላየውም። የመራቢያ ሆርሞን ጥናት ከግምት ወደ ቁጥር የተሻገረው በዚህ ዘዴ ነው። ዛሬ ደሴ ውስጥ በአንድ ብልቃጥ ደም የሚሠራው የሆርሞን ምርመራ ዝርያው ከዚያ ይመዘዛል።

አንድ ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሆርሞን ላይ ቢቆይ አይሰለቸውም?

ጥያቄው ጥሩ ከሆነ አይሰለችም። ኤርንስት ክኖቢል የሚባል ተመራማሪ ፒትስበርግ ውስጥ በዝንጀሮ ላይ ይሠራ ነበር። የራሳቸው ጂኤንአርኤች እንዲቋረጥ ለተደረጉ ዝንጀሮዎች ሆርሞኑን ከውጭ ሰጣቸው። ሳያቋርጥ ሲያፈስላቸው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ወረዱ። በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሰጣቸው ግን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሥራው በ1978 ታተመ።

ይህ የሁሉንም ሰው አስተሳሰብ ቀየረ። ልዩነቱን ያመጣው አሰጣጡ ነው። ሆርሞኑ በምት ሲመጣ ያሠራል፣ ሳያቋርጥ ሲመጣ ይዘጋል። ሐኪሞች አንድን ሆርሞን ለማስጀመርም ለማቆምም የሚጠቀሙበት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሆርሞን ላይ ብቻ የቆየ ሰው ነው ይህን ያገኘው።

ለምን በበግና በላም ይጀመራል? ሰው ላይ በቀጥታ አይጠናም?

አንዳንዱ ነገር ሰው ላይ ሊደረግ አይችልም። ከሃይፖታላመስ ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው ደም በጣም ቀጭን በሆኑ ሥሮች ነው የሚሄደው። ከዚያ ደም መቅዳት ሰው ላይ አይታሰብም። በ1982 አውስትራሊያ ውስጥ ክላርክና ከሚንስ ይህን በበግ አደረጉት። እያንዳንዱ የኤልኤች ምት የሚነሳው የጂኤንአርኤች ምትን ተከትሎ እንደሆነ በዓይን የታየው በበግ ነው። ኖቤል ያገኘው ሮበርት ኤድዋርድስም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግብርና ነበር የጀመረው፤ ወደ ሰው እንቁላል የደረሰው ከአይጥ ተነስቶ ነው። ከሥራው የተነሳ በ1978 ከማህፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን ተወለደች።

ወሎ ላይ ደግሞ በግ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አውሮፓ ያሉ በጎች በአብዛኛው የሚራቡት በወቅት ነው። ቀኑ ሲያጥር አንጎላቸው ሜላቶኒን በሚባል ሆርሞን በኩል ያንን ያነባል፤ ከዚያ መራቢያቸው ይነቃል። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ታዲያ የኛ በጎች በምን ያውቃሉ? ዓመቱን ሙሉ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ይበልጥ የሚወስናቸው መኖና ዝናብ ነው። ይህን በደንብ መለካት፣ ከቦሩ ሜዳ እስከ ቃሉ ቆላ፣ የአንድ ሰው የፒኤችዲ ሥራ ይወጣዋል።

በላም በኩል ደግሞ ሆርሞን ገበሬው ደጅ ደርሷል። ላሞች ባንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ ለማድረግ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መርፌ ይሰጣል፤ ከዚያ አዳቃይ ባለሙያው ባንድ ጉዞ ብዙ ላም ያዳቅላል። መርፌው ኦቫሪ ላይ ያለውን ፕሮጄስትሮን የሚያመርት አካል ያጠፋል። ላሟ በ2 እና በ5 ቀን መካከል ኮርማ ትፈልጋለች። እርጉዝ ከሆነች ግን ያስወርዳታል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር የግድ ነው። መድኃኒቱ በቆዳም ይገባልና እርጉዝ የሆነች ባለሙያ ልትነካው አይገባም። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ፣ ትልቅ መሣሪያ ሳይኖር፣ ምርምር መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ጥያቄው ከመሣሪያው ጋር ከተመጣጠነ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዕቃ እንደተዘረፈና እንደተሰባበረ ሁላችንም እናውቃለን። ላብ የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ምን እንዳጣ ያውቀዋል። መብራት ይቋረጣል፣ ሪጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ይዘገያል። ሆርሞን ደግሞ ሙቀት አይወድም።

ግን ሙያው ለእንዲህ ያለ ሁኔታ ዘዴ አለው። ከጣት የወጣ የደም ጠብታ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ይቀመጣል። ፕሮጄስትሮን በምራቅ ይለካል፤ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ቅሪት በሽንት ይለካል። እነዚህ የድሃ መፍትሔ አይደሉም። የሃርቫርዱ ፒተር ኤሊሰን በዛኢር (በዛሬዋ ዲሞክራሲያዊ ኮንጎ) ኢቱሪ ጫካ የሚኖሩ ሴቶችን ያጠናው በምራቅ ነው። ሴቶቹ እህል በሚጠፋበት ወራት ክብደታቸው ሲቀንስ ፕሮጄስትሮናቸውም አብሮ እንደሚወርድ ያወቀው እነሱው መንደር ሄዶ ምራቅ ሰብስቦ ነው። ክረምት ላይ ጎተራ ባዶ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ይህ ጥያቄ የኛም እንደሆነ ማየት አይከብደንም።

ጥያቄውን ከሰፈራችሁ አውጡ። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ብዙ ወጣት ሴቶች በፈረቃ ይሠራሉ። የሌሊት ሥራ የወር አበባን ሊያዛባ እንደሚችል በሌላ አገር ታይቷል። እዚህስ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ በሚደረስ ርቀት ሁለት የተለያየ ከፍታና አየር አለ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪም አላት። ለመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ይህ በቂ ነው።

የሆርሞን ምርመራ ከአንዱ ላብ ወደ ሌላው ለምን ይለያያል? የቱን ልመን?

ይህ የተማሪም የታካሚም ጥያቄ ነው። አንደኛ ቀኑ ነው። ኤፍኤስኤች በአብዛኛው የሚለካው የወር አበባ በመጣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው። ፕሮጄስትሮን የሚለካው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። “21ኛው ቀን” የሚባለው የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ነው። ዑደቷ 35 ከሆነ 21ኛው ቀን ላይ የተወሰደ ደም ምንም አይነግረንም። ቴስቶስትሮን በጠዋት ይወሰዳል። የጡት ወተት የሚያስመነጨው ፕሮላክቲን በድንጋጤ ብቻ ሊጨምር ይችላል።

ሁለተኛ መለኪያው ነው። አንዱ ላብ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም ፕሮጄስትሮን ማለት በሊትር 32 ናኖሞል ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በሦስት እጥፍ የጨመረ ይመስለዋል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚንም አንዳንድ መሣሪያዎችን ያሳስታል።

ሦስተኛው የኛ አገር ጉዳይ ነው፤ ፈረንጅ በጻፈው መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ሴቷ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን የምትናገረው በኛ አቆጣጠር ነው። ፎርሙ የሚሞላው በአውሮፓውያን ነው። ጳጉሜ መሃል ሲገባ ቀኑ ይበልጥ ይምታታል። “2 ሰዓት ላይ ተወሰደ” ሲባል ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ ሰዓት? በረመዳን ደግሞ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓት ይገለበጣል፤ በዓቢይ ጾምም የመጀመሪያው ምግብ ወደ ቀትር በኋላ ይገፋል። ወሎ ላይ ሁለቱም ጾም በየቤቱ አለ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ መቀየሩን ኮምፒዩተር ይሥራው፣ ጾሙን መዝግቡ። ስንትና ስንት ጥሩ ሳምፕል በቀን ስህተት ብቻ ዋጋ ያጣል።

“ኖርማል” የሚባለው ቁጥር የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ተመራማሪ መሆን ጀምራችኋል። ከውጤት ወረቀቱ ጎን የሚታየው ወሰን ብዙ ጊዜ የመጣው ከመሣሪያው ወይም ከኪቱ (ከምርመራ ዕቃው ጥቅል) አምራች ነው። የተለኩት ሴቶች የሚኖሩት ሌላ አገር ነው። ምግባቸው፣ ክብደታቸው፣ የሚኖሩበት ከፍታ የተለየ ነው።

ቨርጂኒያ ቪትዝም የምትባል ተመራማሪ ቦሊቪያ ውስጥ በከፍታ ላይ የሚኖሩ ገጠር ሴቶችን ከባልደረቦቿ ጋር አጠናች። በ2004 ያወጡት ሥራ እንደሚያሳየው የቦሊቪያ ሴቶች ባረገዙበት ወር እንኳ ፕሮጄስትሮናቸው ከቺካጎ ሴቶች ያነሰ ነበር። ግን አረገዙ። በቺካጎ መለኪያ “ዝቅተኛ” የሚባለው ለእነሱ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እዚህ ደሴ አንዲት ወይዘሮ ወረቀቷ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አይታ “ሆርሞን የለኝም ተባልኩ” ብላ ስታለቅስ የማስበው ይህን ነው። ቁጥሩ ምናልባት በትክክል ተለክቷል። የተነጻጸረበት ሰው ግን እሷን አይመስልም።

እኔን ብትጠይቁኝ ከወሎ የሚነሳ ተመራማሪ መጀመሪያ መሥራት ያለበት ይህን ነው። ጤነኛ የሆኑ፣ ልጅ የወለዱ፣ ዑደታቸው የተስተካከለ የዚህ አካባቢ ሴቶችና ወንዶች ሆርሞናቸው ስንት ነው? ሥራው አያስጨበጭብም። ኖቤል አያሸልምም። ግን ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ እሱ ላይ ይቆማል።

የሦስት ወር መርፌ ያመክናል ይባላል። እውነት ነው?

አያመክንም፤ ያዘገያል። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከ100ው 23ቱ መርፌ ይጠቀሙ ነበር። ከሁሉም ዘዴ ይበልጣል። በመርፌው ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮንን የሚመስል መድኃኒት ከጡንቻ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ካቆመች በኋላም ይቆያል። ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። አንዳንዷ ይቀድማል፣ አንዳንዷ ይዘገያል።

ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት፣ በአምስተኛው ወር አማቷ ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ ጥፋቱ የመርፌው ይሆናል። በቅርብ ማርገዝ የምታስብ ሴት ሌላ ዘዴ እንድትመርጥ ከመጀመሪያው ሊነገራት ይገባል።

ልጅ ካልተወለደ ችግሩ ሁልጊዜ የሆርሞን ነው? ሁልጊዜስ የሴቷ ነው?

ሁለቱም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳለው በዕድሜ ዘመኑ መካንነት የሚገጥመው ከ6 ሰው 1 ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። የወንድ ዘር ምርመራ ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ቶሎ ይደርሳል። ሴቷ ለዓመታት ጠበልም ዱአም፣ ደምም አልትራሳውንድም ስትመላለስ ባል አንድ ቀን ሳይመረመር የሚቀርበት ቤት ግን ብዙ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ምርመራው ለሁለቱም ባንድ ቀን ይጀመር።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በኢንፌክሽን ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ትልቅ ድርሻ አለው። ለተዘጋ ቱቦ ሆርሞን ቢሰጥ ዋጋ የለውም። የሆርሞን ተመራማሪ ነገሩ የሆርሞን እንዳልሆነ ማወቅም ሥራው ነው።

ልጄ ይህን ልትማር ትፈልጋለች። ለትዳርና ለልጅ አይከብዳትም?

ይከብዳል፤ የማይቻል ግን አይደለም። ያሎው ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ጆርጂያና ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ገና ተማሪ ሳለች የእርግዝና ሆርሞን የሚመነጨው ከፒቱታሪ ሳይሆን ከእንግዴ ልጅ መሆኑን አሳየች። ሦስት ልጆች ነበሯት። ጡረታ ከወጣች በኋላ ከባሏ ጋር በ1981 የአሜሪካን የመጀመሪያ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ልጅ ያስወለደውን ቡድን መራች።

ጁዲት ቫይቱካይቲስም አለች። የእርግዝና ሆርሞንና ኤልኤች ግማሽ አካላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የጥንቱ ምርመራ ያምታታቸው ነበር። እሷና ባልደረቦቿ በ1972 የሚለየውን ግማሽ ብቻ የሚለካ ዘዴ አወጡ። ዛሬ ከፒያሳ ፋርማሲ የምትገዙት የሽንት ምርመራ ከዚያ ሥራ የተነሳ ነው። ለወላጅ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የማስተርስ ሁለቱን ዓመትና የፒኤችዲውን አራት ዓመት “መቼ ትጨርሻለሽ” እያሉ አታስጨንቋት።

በሰው ገላ፣ በሴት ወር አበባ ላይ መመራመር ነውር አይሆንም? ማንስ ይፈቅዳል?

ነውር የሚሆነው ሰው ሳይነገረው ሲደረግ ነው። ይህ ሙያ እዚህ ላይ የሚያሳፍር ታሪክ አለው። በ1956 የወሊድ መከላከያ ክኒን በስፋት የተሞከረው በፖርቶሪኮ ድሃ ሴቶች ላይ ነው። ክኒኑ ዛሬ ከሚሰጠው እጅግ የበዛ ሆርሞን ነበረው። ሴቶቹ ሙከራ ላይ መሆናቸው በአግባቡ አልተነገራቸውም። በቦታው የነበረችው ዶክተር ኢድሪስ ራይስ-ሬይ የጎንዮሽ ጉዳቱ እንደበዛ ሪፖርት አደረገች፤ የሰማት አልነበረም።

ሁለተኛው የዲኢኤስ ታሪክ ነው። ፅንስ እንዳይወርድ ተብሎ ለእርጉዞች የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነበር። በ1953 በሥርዓት የተሠራ ጥናት ምንም እንደማይጠቅም አሳየ። ሐኪሞች ግን መስጠታቸውን ቀጠሉ። በ1971 እናቶቻቸው ይህን የወሰዱ ወጣት ሴቶች ላይ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር ተገኘ። ልኬቱ ነበር፣ ያመነው ጠፋ። ተማሪዎቼ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን እንዳይረሱ እፈልጋለሁ።

ፈቃድ የሚሰጠው የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ያለ እሱ አንድ ጠብታ ደም አይቀዳም። የአካባቢ ሽማግሌ፣ ሼህና ቄስ ማማከር ጥሩ ነው፤ በር ይከፍታል። ፈቃዱ ግን የሴቷ ነው። ባሏ እሺ ብሎ እሷ እንቢ ካለች አይሆንም። የሷ ውጤትም ለባሏም ለአማቷም አይነገርም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ከሁሉ ይከብዳል።

ውጭ ሄጄ ልማርና ልቅር፣ ወይስ እዚሁ ልሥራ?

ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ሂዱ። በጥሩ መሣሪያ መለካትን መልመድ አይጎዳም። እዚህ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ የምርምር በጀት ይዘገያል፣ ከፒኤችዲ በኋላ አብዛኛው ሰዓት በማስተማር ያልቃል። ይህን ደብቄ “ተመለሱ” ማለት አልችልም። የቀረውንም አልወቅስም። ግን የወሎን ሴት ሆርሞን ለመለካት ቦስተን ያለ ሰው ራሱ ተነስቶ አይመጣም። ከመጣም ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።

መሃል ያለ መንገድ አለ፤ እኔ የማደላውም ወደሱ ነው። ማስተርሱን እዚህ፣ በዚህ ሰው ላይ ሥሩ። ለፒኤችዲ ስትሄዱ ጥያቄውን ይዛችሁ ሂዱ፤ አድቫይዘር ስትመርጡ እዚህ መጥቶ ሳምፕል ለመሰብሰብ የሚፈቅድላችሁን ምረጡ። ደም ወይም ምራቅ ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነት ይፈረማል። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ተጽፎ እንደሆነ እዩ፦ የተረፈው ናሙና ምን እንደሚሆን፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ሳምፕሉን እዚህ የሰበሰቡት ነርሶችና የላብ ባለሙያዎች ጽሑፉ ላይ ስማቸው እንደሚገባ።